«የደረት ቀዶ ሕክምና ለሴት አይሆንም» አሉኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «የ32 ዓመት ሴት ነኝ። ሕክምና የተማርኩት አገር ቤት ነው፤ አሁን አሜሪካ ውስጥ በጄ-1 (ለሥልጠና በሚሰጥ የልውውጥ) ቪዛ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና የ3ኛ ዓመት ሬዚደንት (ሠልጣኝ ሐኪም) ነኝ። ልቤ ያረፈው የደረት (የልብና የሳንባ) ቀዶ ሕክምና ላይ ነው። አንድ የማከብረው ከፍተኛ ሐኪም ግን ‹ጎበዝ ነሽ፤ ልጅ ከፈለግሽ ግን ሌላ ምረጪ፣ ይሄ ለሴት አይሆንም› አለኝ። ካገባሁ ዓመት አልፎኛል፣ ቤተሰብም ይጠብቃል። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አብረውኝ ላሉት ወንዶች መርፌ መያዣው ሲሰጣቸው እኔ ካሜራ ይዤ የምቀር ይመስለኛል፤ ግን ማረጋገጫ የለኝም። እጄ ትንሽ ስለሆነ ስቴፕለሩ (ደም ሥርና ሳንባ እየሰፋ የሚቆርጠው መሣሪያ) ያስቸግረኛል። በሽተኞች ‹ነርስ› ይሉኛል። እንደ ታናሽ እህታችሁ ቆጥራችሁ እቅጩን ንገሩኝ።»

መልስ፦ እህታችን፣ እቅጩን ካልሽ እንዲህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሐኪሙ በክፋት አልተናገረሽ ይሆናል። ቢሆንም ንግግሩ ከስልሳ ዓመት በላይ ዘግይቷል። በመጋቢት 1960 ቤተዝዳ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ አንዲት የቀዶ ሐኪም ራሷ የነደፈችውን ሰው ሠራሽ የሚትራል ቫልቭ በሰው ልብ ውስጥ ስታስገባ ልክ ያንቺው ዕድሜ፣ 32 ዓመቷ ነበር። ኒና ስታር ብራውንዋልድ ትባላለች፤ የሦስት ልጆች እናት ናት። የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት የደረት ቀዶ ሐኪም ሮዛሊን ስኮትም ሥልጠናዋን ያገኘችው በ1970ዎቹ ነው። ሴት ትችላለች አትችልም የሚለው ክርክር ያኔውኑ አልቋል።

ያላለቀው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። በሥራ ላይ ካሉት የደረት ቀዶ ሐኪሞች ግን ሴቶቹ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። በ1917 የተቋቋመው የአሜሪካ የደረት ቀዶ ሕክምና ማኅበር የመጀመሪያዋን ሴት ፕሬዚዳንት፣ ዮሎንዳ ኮልሰንን፣ ያየው በ2022 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ስለ አንድ ነገር ያስጠነቅቁሻል፦ በምትገቢበት ቦታ ብቸኛዋ ሴት ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ስለዚህ ሰው «እዚህ ሁሉም እኩል ነው» ሲልሽ በቃል አትቀበዪ። እኩልነት በዚህ ሙያ የሚለካው መርፌ መያዣውን ማን ያዘ፣ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው የኦፕራሲዮን ክፍል ላይ በሚል ነው። ይህ ደግሞ ሊቆጠርና ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው።

እንግዲህ «ካሜራ ይዤ እቀራለሁ» ካልሽው እንነሳ። በ2017 በደረት ቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሴቶቹ በኦፕራሲዮን ወቅት የሚሰጣቸው ነፃነት ከወንዶቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስሜትሽ ከባዶ የመጣ አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን ያ ጥናት ስለ አንቺ ሆስፒታል አይናገርም፤ ስለ ሆስፒታልሽ የሚናገረው የራስሽ መዝገብ ነው። መለኪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል፤ ዝዊሽ ይባላል፣ ስሙን ያገኘውም ከአንድ የደረት ቀዶ ሐኪም ነው። አራት ደረጃ አለው። በ1ኛው አቴንዲንጉ (ኃላፊው ከፍተኛ ሐኪም) ይሠራል፣ አንቺ ታያለሽ። በ2ኛው እጁ ያንቺ ነው፣ እያንዳንዱን እርምጃ የሚመራው ግን እሱ ነው። በ3ኛው አንቺ ትመሪያለሽ፣ እሱ እንደ ጎበዝ ረዳት ይከተልሻል። በ4ኛው አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እሱ ይጠብቃል።

ከእያንዳንዱ ኦፕራሲዮን በኋላ፣ ጓንትሽን አውልቀሽ ቡና ሳትቀጂ፣ አንድ መስመር ጻፊ፦ ቀን፣ የኦፕራሲዮኑ ዓይነት፣ የትኛውን ክፍል እንደሠራሽ፣ የዝዊሽ ደረጃ፣ አቴንዲንጉ ማን እንደነበረ፣ ሌላ ሬዚደንት አብሮሽ ከነበረ እሱ ምን እንደሠራ። የበሽተኛ ስምና የካርድ ቁጥር ፈጽሞ አይግባበት። ሠላሳ አርባ ኦፕራሲዮን ሲሞላ በአቴንዲንግ እየለየሽ እዪው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁሉም ላይ የተዘረጋ ችግር ሳይሆን ሁለት ሰው ጋ የታጎረ ነው፤ ይህ ደግሞ መፍትሔውን ያቀልለዋል። ከሆስፒታሉ መደበኛ የኬዝ መዝገብ ጋር አታምታቺው። እሱ «ነበርሽ» ይላል እንጂ ምን እንደሠራሽ በዝርዝር አይናገርም።

መዝገቡ እየሞላ ሳለ ግን ዝም ብለሽ አትጠብቂ። ኦፕራሲዮን ውስጥ ገብቶ ድርሻ መጠየቅ ሁልጊዜ ዘግይቷል፤ የሚጠየቀው ከዋዜማው ማታ ነው፣ የሚጠየቀውም በክፍል በክፍሉ ነው። «ነገ ብዙ መሥራት እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ምንም አያገኝም። የቀኝ የላይኛው ሳንባ ሎቤክቶሚ (የሳንባውን አንድ ክፍል ቆርጦ ማውጣት) ቢሆን ለምሳሌ፣ ሥራው ይከፋፈላል፦ የካሜራና የመሣሪያ ቀዳዳዎቹ፣ የላይኛው ደም መላሽ ሥር፣ ወደ ላይኛው ክፍል የሚሄዱት የሳንባ ደም ወሳጅ ቅርንጫፎች፣ ብሮንከሱ (የአየር ቧንቧው)፣ ፊሸሩ (የሳንባውን ክፍሎች የሚለየው ስንጥቅ)፣ ሊምፍ ኖዶቹ። አቴንዲንጎች የሚፈሩት የደም ወሳጁን ሥር ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ከተቀደደ በአንድ ጊዜ ብዙ ደም ይፈስሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ደም መላሹን፣ ብሮንከሱንና ኖዶቹን ጠይቂ። እንዲህ በዪው፦ «ነገ ደም መላሹን ልለይና ብሮንከሱን ልዝጋ። ደም ወሳጁ ላይ እርስዎ ይሁኑ። እኔ ባለሁበት ደም ቢነሳ በስፖንጅ ጫን አድርጌ እይዛለሁ፣ በጭፍን ክላምፕ አልሰድም፣ ወዲያው እነግርዎታለሁ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከቀደሙት ሁሉ ትበልጣለች። ሰው ቢላውን የሚሰጠው ችግር ሲመጣ ምን እንደምታደርጊ ካወቀ ነው፤ ከራሱ ጋር ከማይመሳሰል ሰው ደግሞ ይህን ገምቶ አይሰጥም፣ መስማት ይፈልጋል። ሦስት አራት ኦፕራሲዮን ላይ እነዚያ ከጸኑ በኋላ ደም ወሳጁን ጠይቂ።

ያም ሆኖ ካልተሰጠሽ መጀመሪያ ከራሱ ከሰውዬው ጋር ለብቻ ተነጋገሪ፤ «ደረጃ 3 ላይ ለመድረስ ምን ማየት ይፈልጋሉ?» ብለሽ ጠይቂው፣ ያለሽንም ያንኑ ቀን በኢሜይል መልሰሽ ላኪለት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለውጥ ከሌለ ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ፕሮግራም ዳይሬክተሩ ሂጂ። ቁጥሩን አስቀድሚ፣ ቅሬታውን አስከትዪ። ጉዳዩ ከድርሻ ማነስ አልፎ ስድብ፣ መነካካት ወይም በጾታና በዘር የተነሳ ግልጽ መድሎ ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን የሚቀርብ አቤቱታ ጊዜ አለው፤ ነገሩ ከተፈጸመ 180 ቀን፣ ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ባለበት ግዛት ደግሞ 300 ቀን። ብዙ ሰው ሥልጠናው ይለቅ እያለ ይህ ቀን ያልፍበታል።

ወደ እጅሽ እንምጣ። ጓንታቸው 6.5 እና ከዚያ በታች የሆነ ሐኪሞች በስቴፕለርና በረጃጅም መሣሪያዎች የበለጠ እንደሚቸገሩ በጥናት ተመዝግቧል። ችግሩ ያንቺ ድክመት ሳይሆን መያዣው የተሠራበት ልክ ነው። መጀመሪያ በባትሪ የሚሠራ ስቴፕለር እንዳለ ጠይቂ፤ በእጅ የሚጨመቀው ብቻ ካለ በሁለት እጅ መተኮስ ነውር የለውም፣ ግን ጫፉ እንዳይንቀጠቀጥ ረዳቱ ዘንጉን ይደግፍልሽ። ጫፉ ደም ሥር ላይ ሆኖ ከተንቀጠቀጠ አደጋው እዚያ ነውና። የኩባንያው ተወካይ ሲመጣ ከኦፕራሲዮን ውጭ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ከፍተሽ ዝጊበት፤ መለማመጃ ያመጡልሻል። በሮቦት ኦፕራሲዮን ደግሞ ስቴፕለሩ የሚሠራው ከኮንሶሉ ስለሆነ የእጅ መጠን ጉዳይ አይነሳም። ኮንሶሉን ግን ሁልጊዜ ለራስሽ ቁመት አስተካክይው፤ የክርን መደገፊያውንም፣ የእግር ፔዳሉንም።

የአልጋው ከፍታም ከእጅ መጠን አይተናነስም። ደረት ተከፍቶ ሲሠራ የሚሠራበት ቦታ በክርንሽ ልክ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። በካሜራ ሲሠራ መሣሪያው ረጅም ስለሆነ አልጋው ከዚያም ይወርዳል፤ በክርን ልክ መሆን ያለበት መያዣው ነው። ረጅሙ አቴንዲንግ አልጋውን ካስወጣው በርጩማ ጠይቂ፣ ሁለት ሰፋፊዎቹን አጋጥመሽ፣ ፔዳሉንም እላዩ ላይ አውጥተሽ። ትከሻሽን ሰቅለሽ አራት ሰዓት ከቆምሽ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ «አልቻለችም» ይባላል። በርጩማ ላይ መቆም የሚያሳፍርሽ ከሆነ፣ በኅዳር 1944 ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማያዊ ሕፃናት (በልብ ጉድለት ቆዳቸው የሚጠቁር ሕፃናት) ኦፕራሲዮን ሲሠራ ቪቪየን ቶማስ ከቀዶ ሐኪሙ ከብላሎክ ትከሻ ጀርባ በርጩማ ላይ ቆሞ እርምጃዎቹን ይነግረው ነበር። የሐኪምነት ዲግሪ እንኳ ያልነበረው ጥቁር ባለሙያ ነው፤ ዛሬ ስሙ ከኦፕራሲዮኑ ስም ጋር ይጠራል።

ሉፕ (የኦፕራሲዮን ማጉያ መነጽር) ስታሠሪ በኦፕራሲዮን አቋቋምሽ ሆነሽ ርቀቱ ይለካልሽ። ተቀምጠሽ የተለካ ሉፕ አንገትሽን አጎንብሶ ይቀጣሻል።

አሁን ልጅ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ስለሚያወራ ጮክ ብለን እንጻፍልሽ። በ2021 የታተመ በቀዶ ሐኪሞች ላይ የተሠራ ጥናት ከሴቶቹ 42 በመቶው ቢያንስ አንድ ጽንስ እንዳጡ አሳይቷል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በሳምንት 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ኦፕራሲዮን የሠሩት ደግሞ ለከባድ የእርግዝና ችግር የበለጠ ተጋልጠዋል። ይህ ለማስፈራሪያ አይደለም። 12 ሰዓት የሚለው ቁጥር ፕሮግራሙን የምትጠይቂው ልክ ነው። ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ከዚያ በታች ይሁንልኝ፣ ከ30ኛው ወዲህ ሌሊት ተረኛ አልሁን በዪ፤ ቅነሳውን የሚያካክስ የክሊኒክ ወይም የምርምር ሳምንት ራስሽ አቅርቢ። በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የነፍሰ ጡር ሠራተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ተገቢ ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን።

የዚህ ሙያ የራሱ አደጋዎችም አሉ። በኤክስሬይ የሚሠሩ የደም ሥርና የቫልቭ ሥራዎች ላይ ከገባሽ እርግዝናሽን በጽሑፍ ስታሳውቂ ለጽንሱ የተፈቀደው ጣሪያ ለሙሉ እርግዝናው 5 ሚሊሲቨርት ይሆናል፤ ሁለተኛ የጨረር መለኪያ ባጅ በወገብሽ ላይ፣ ከእርሳስ ሽርጡ ሥር ይደረጋል፣ በየወሩም ይነበባል። ካላሳወቅሽ ይህ ጥበቃ አይጀምርም። ባታረግዢም የሽርጡን የእጅጌ ቀዳዳ ተመልከቺ፤ ሰፊ ከሆነ የጡትሽ የላይኛው ውጫዊ ክፍል ይጋለጣል፣ እጅጌ ያለው ወይም የብብት መሸፈኛ ያለው ጠይቂ። የደረት ግድግዳ በአጥንት ሲሚንቶ ሲጠገን ሲሚንቶው በሚቦካበት ሰዓት ከክፍሉ ውጪ። የደረት ውስጥ በሞቃት የካንሰር መድኃኒት የሚታጠብበት ኦፕራሲዮን ላይ ደግሞ ነፍሰ ጡርም የምታጠባም አትግባ።

ፈቃዱን በተመለከተ ሦስት ነገር ለይተሽ ያዢ፣ ሰዎች ያምታቱታልና። አንደኛው የሥልጠና ዕውቅና ሰጪው አካል ደንብ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ቢያንስ አንድ ጊዜ 6 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይሰጣል፣ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን አንሥቶ። ሁለተኛው የ12 ሳምንት የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ከዚያው አሠሪ ጋር 12 ወርና 1,250 ሰዓት መሥራት ይጠይቃል። ስለዚህ ፌሎሽፕ (ከሬዚደንትነት በኋላ ያለውን የደረት ሥልጠና) ለማድረግ ሆስፒታል ስትቀይሪ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሦስተኛው የቦርዱ (የሙያ ምስክር ወረቀት ሰጪው አካል) ሳምንት ቆጠራ ነው። የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ቦርድ በዓመት 48 ሳምንት ይፈልጋል፤ ለወሊድ ሲሆን ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በ140፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በ92 ሳምንት ይቀበላል። የ3ኛ ዓመት ነሽና የመጀመሪያው ቅናሽ በዚህ ዓመት መጨረሻ ያልፋል፤ የሁለተኛው ገና አልተነካም። «መቼ ልውለድ» ለሚለው ትክክለኛ ወቅት የሚባል የለም፤ የምትጠብቂው ግን ሙያው እስኪፈቅድልሽ ከሆነ አትጠብቂ፣ ሙያው አይፈቅድም፣ ዕድሜም አይቆምም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ግን አንቺ በደብዳቤሽ በአንድ ቃል ያለፍሽው ቪዛ ነው። ጄ-1 ለሐኪም የሥልጠና ጣሪያው 7 ዓመት ነው። አምስት ዓመት ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሲደመር ሁለት ዓመት የደረት፣ ልክ 7። ሦስት ዓመት የሚፈጁ የደረት ፌሎሽፖችም አሉ፤ ከነሱ ጋር 8 ይሆናል፣ ያኔ ከአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የሚገኘውም በቀላሉ አይደለም። የወሊድ ማራዘሚያ ወይም የምርምር ዓመት ከገባበት ሒሳቡ ይናጋል። ስለዚህ ፕሮግራም ከመምረጥሽ በፊት ከሆስፒታልሽ የጄ-1 ኃላፊ ጋር ቁጭ ብለሽ ወሩን በወር ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ የሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ይከተላል። ከግዴታው ለመውጣት ብዙዎች የሚሄዱበት የኮንራድ መንገድ ለእያንዳንዱ ግዛት በዓመት 30 ቦታ ብቻ አለው፣ ሐኪም በሌለበት አካባቢ የሦስት ዓመት ሥራም ይጠይቃል። የልብ-ሳንባ ማሽን የሌለው የገጠር ክሊኒክ የደረት ቀዶ ሐኪም አይቀጥርም። መፍትሔው ከ30ው እስከ 10 የሚሆኑት ቦታዎች ከሐኪም እጥረት ካርታው ውጪ ሆነው የእጥረት አካባቢ በሽተኞችን ለሚያክሙ ትልልቅ ሆስፒታሎች መሰጠት መቻላቸው ነው። አንዳንድ ግዛቶች ለእስፔሻሊስት በደስታ ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹ ለቤተሰብ ሐኪም ያስቀድማሉ። የግዛቱን ልማድ ከፌሎሽፑ እኩል አጥኚ።

«ነርስ» ለሚሉሽ፦ ስትገቢ መጀመሪያ ሥራሽን ተናገሪ፣ ስምሽ ይከተል። «ነገ ሳንባዎን ከሚያክሙት የቀዶ ሐኪሞች አንዷ ነኝ፣ ዶክተር እገሊት።» ከባጅሽ ሥር በትልቁ ሐኪም የሚል ካርድ አንጠልጥዪ። አቴንዲንጉንም አንድ ጊዜ ጠይቂው፣ በሽተኛው ፊት በመዓርግሽ እንዲጠራሽ። ከዚህ በላይ ጉልበት አታባክኚበት። አንዲት ትንሽ ነገር እዚህ ላይ፦ በአሜሪካ የሚጠሩሽ በአባትሽ ስም ነው፤ ጥናት ስታሳትሚ የስምሽን አጻጻፍ አንዴ ወስነሽ አትለውጪው፣ ፓስፖርትሽ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። በሁለት ፊደል ልዩነት ግማሽ ሥራው የሌላ ሰው ሆኖ የሚቀርበት ብዙ ሐበሻ አለ።

ማመልከቻ የምታስገቢው በ4ኛ ዓመትሽ ስለሆነ ጊዜው ሩቅ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ብዝኃነት ቢሮ አትጠይቂ፤ ከ2025 ወዲህ ብዙ ተቋማት ዘግተውታል ወይም ስሙን ቀይረውታል፣ ድሮም ቢሮው ብዙ አይነግርሽም ነበር። ዳይሬክተሩን እነዚህን ጠይቂ፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ሴት ገባች፣ ስንቷ ጨረሰች፣ ያቋረጠችስ ለምን? ተመራቂዎቹ ዋና ሠሪ ሆነው የሠሩት ስንት ሎቤክቶሚ፣ ስንት የልብ ደም ሥር ማለፊያ ነው፣ በወንዶቹና በሴቶቹ መካከልስ ልዩነት አለ? የወሊድ ፈቃዱ በጽሑፍ የት አለ? ሠልጣኞቹን ደግሞ ለብቻ፦ «ሌሊት ኦፕራሲዮን ሲመጣ ደረቱን የሚከፍተው ማነው?» ዳይሬክተሩ ቁጥሩን ከሳምንት በኋላ ቢልክልሽ ጥሩ ምልክት ነው። «እኛ እንዲህ ያለውን አንቆጥርም» ካለሽ ከዝርዝርሽ መጨረሻ ላይ አድርጊው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሴት ያልገባበትን ፕሮግራም ግን በዚህ ብቻ አትጣዪው፤ በየዓመቱ አንድ ሰው ብቻ የሚወስዱ ብዙ ናቸው።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን ከአሁኑ ለዪ፤ ከሦስቱ አንዱ አብረሽው ብዙ የሠራሽው የደረት ቀዶ ሐኪም ይሁን፣ ወንድም ሆነ ሴት። ለሴቶች የሚጻፉ ደብዳቤዎች «ታታሪ፣ ተግባቢ፣ ደግ» ይበዛባቸዋል፤ መራጮቹ የሚፈልጉት ግን እጅሽንና ውሳኔሽን ነው። ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ገጽ አዘጋጅተሽ ስጪው፦ አብራችሁ የሠራችኋቸው ኦፕራሲዮኖች፣ በየትኛው ደረጃ 3 እንደደረስሽ፣ ደም የተነሳበት አንድ ቀን ምን እንዳደረግሽ። ያ መዝገብሽ እዚህም ያገለግላል። ከ1986 ጀምሮ ያለው የደረት ቀዶ ሐኪም ሴቶች ማኅበር ለሠልጣኞች ወደ ዓመታዊ ጉባኤ መሄጃ ድጎማ ይሰጣል፤ ማመልከቻው አጭር ነው፣ ከዚያ የምታገኚያት አንዲት ታላቅ ደግሞ ስልክ አንሥታ «ይቺን ልጅ እዩዋት» ልትልልሽ ትችላለች። የዘንድሮው ማመልከቻ የሚዘጋበትን ቀን ዛሬውኑ ተመልከቺ።